የመሪጌታው ሁለት ወር ተኩል

ሰው መጠርጠር እንጀራዬ ነበር። ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ አሥራ ስድስት ዓመት በጥበቃ ቆሜአለሁ። የሚገባውን ሁሉ እጁን አስነስቼ ወገቡን፣ ብብቱን፣ ኪሱን እዳብሳለሁ። ከጨፋ ማሽላውን ሸጦ የመጣ ገበሬ ይሁን፣ ከባቲ ገበያ የተመለሰ ነጋዴ ይሁን፣ እጄ አይለይም። ሰውየው «አከም ቡልተ?» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቀኝ «ነጋ፣ ገለተ ረቢ»፣ ሰላም ነው፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁን እለዋለሁ፤ እጄ ግን ሥራውን አያቆምም። ሰላምታው ሌላ፣ ፍተሻው ሌላ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። መታወቂያዬ ስድሳ ሞላው ተባለና ባለፈው ዓመት አሰናበቱኝ። እኔ ራሴ መቼ እንደሞላኝ አላውቅም፤ መታወቂያው የራሱን ነው የሚያወራው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቁጥር አውቃለሁ፣ ስሜን እጽፋለሁ፣ ረጅም ነገር ማንበብ ግን ያደክመኛል። ይሄንንም ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ሴቷ ልጄ ፊደሉን ታስተካክልልኛለች። የምጽፈውም ስለ አንድ ቦነስና ስለ አንድ ሠርግ ነው።

በሩ ላይ ሁለት ነበርን። ጓደኛዬ ክርስቲያን ነው። አባቱ በድሮ ጊዜ ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ኦሮምኛውን የለመደው እዚያው በር ላይ ስለሆነ ሲናገር ገበሬዎቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እኔን «ሼኹ» ይለኛል፣ እኔ እሱን «መሪጌታ» እለዋለሁ። እኔም ሼኽ አይደለሁም፣ እሱም ቅኔ ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ስሙ ግን ተጣበቀብን፤ የባንኩ ሰዎች ሁሉ በዚሁ ይጠሩን ጀመር። አርብ ለጁምዓ እኔ ስሄድ እሱ ይቆምልኛል፣ በሱ በዓል እኔ እቆምለታለሁ። ሁለት ልጆቹን ሲድር የሙስሊሙን እንግዳ ፍየል ያረድኩት እኔ ነኝ። በኛ አገር የክርስቲያን ሠርግ ላይ ሙስሊሙ ጎረቤት እንዲበላ ለብቻ ይታረድለታል፣ ለብቻ ይሠራለታል። ያን ሥራ የሚይዝ ሰው ቤተ ዘመድ ያህል የታመነ መሆን አለበት። እንግዳው ሥጋውን የሚበላው ያረደውን ሰው አይቶ ነዋ። «ማን ነው ያረደው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «እገሌ ነው» ሲሉት እጁን ይታጠባል።

ባንኩ በዓመት አንዴ ቦነስ ይሰጣል። የሰኔ ሠላሳ ሂሳብ ይዘጋል፣ አዲስ አበባ ያሉት ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን በመስከረም ወሬው ይመጣል። ወሬው ሁልጊዜ በወር ነው የሚነገረው። «ዘንድሮ ሁለት ወር ነው» ወይም «አንድ ወር ተኩል ነው» ይባላል፤ የሁለት ወር ደመወዝህን ያህል ማለታቸው ነው። ሲሰሙት እኩል ይመስላል። ለማናጀሩም ሁለት ወር፣ ለኔም ሁለት ወር። ወሩ ግን አንድ አይደለም። የሱ አንድ ወር የኔን ዓመት ሊያህል ትንሽ ነው የሚቀረው። ቢሆንም አልከፋንም። በሥራችን ልክ ነው አልን፣ ቆርቆሮም ገዛንበት፣ ዕዳም ከፈልንበት።

ጡረታ ልወጣ ስል በነበረው ዓመት ግን አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ሁሉም ሰው በውጤቱ ነው የሚያገኘው አሉ። በሰኔ መጨረሻ ለእያንዳንዳችን ፎርም ተሰጠን። ሰዓት ማክበር፣ ንቃት፣ ለደንበኛ አክብሮት፣ የንብረት አያያዝ እያለ ይወርዳል፤ በያንዳንዱ ፊት ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለ። የኔን የሞላልኝ መሪጌታው ነው። እኔ መነጽሬን ቤት ትቼ ነበር፣ ዝናብም ይጥል ነበር፣ ሰውም ይገባል ይወጣል። እሱ እየጠየቀኝ ጻፈ፣ እኔ ከታች ፈረምኩ፣ ገባ። ከዚያ በላይ ልቤ ላይ አላስቀመጥኩትም።

መስከረም ላይ ስልኬ ጮኸ። የገባልኝ የአንድ ወር ነው። አልሃምዱሊላህ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ትንሽ ቆይቶ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አባባ፣ መሪጌታው እኮ ሁለት ወር ተኩል ገባለት። የርስዎስ?» አለችኝ።

«እኔም እንዲሁ» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አፌ ነው የዋሸው። እሷ «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ብላ ሄደች። እኔ ግን በሩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። አንድ በር፣ አንድ ዱላ፣ አንድ ዓይነት ካፖርት። አንድ ቀን እንኳ ከሱ ዘግይቼ አላውቅም። ታዲያ ምን አይተው ነው? ደግሞስ ማን ነገራቸው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ የምሠራውን ሥራ በጓደኛዬ ላይ መሥራት ጀመርኩ። በእጄ ሳይሆን በዓይኔ ፈተሽኩት።

ስልክ ሲደወልለት ከኔ ራቅ ብሎ ያወራል። ድሮ አጠገቤ ሆኖ ነበር የሚጮኸው። አንድ ቀን ማናጀሩ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ሲወጣ «ምነው?» አልኩት፤ «ኧረ ምንም» አለኝ። ምንም ለማለት በር ይዘጋል? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሻይ መክፈል አበዛ። እኛ በተራ ነበር የምንከፍለው፣ ተራውንም የሚያስታውሰው እሱ ነው፣ አንዲት ቀን አትስትም። አሁን ግን እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ «ተው ሼኹ፣ ዛሬ የኔ ነው» ይላል። በማግሥቱም የሱ ነው። ያለ ምክንያት የሚጋብዝህን ሰው በደንብ ፈትሸው፤ ይሄን በሩ ላይ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ያ ፎርም ትዝ አለኝ። የኔን ወረቀት የሞላው እሱ ነው። እስክሪብቶው በእጁ ነበር። ምን ብሎ ጻፈብኝ? አርብ አርብ በሩን ትቶ ይሄዳል ብሎ ይሆን? ከሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ ግድግዳ ተደግፌ ዓይኔን የምከድናትን ነገር ጽፎብኝ ይሆን? እሷን የሚያውቃት እሱ ብቻ ነው። ማናጀሩ ሲመጣ እየሳለ የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነበር።

ለሚስቴ ነገርኳት። እሷ የማሽላ ገለባ እያሰረች ነበር።

«ጠይቀዋ!» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ምን ጻፍክብኝ ብለህ ነዋ። አፍ የለህም?»

«ቢክደኝስ?»

«ቢክድህ ካደ። አሁንማ ሳይክድህም ክዶሃል ብለህ ይዘኸዋል።»

ትክክሏን ነው። ግን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀውና እውነት ቢሆን አሥራ ስድስት ዓመት ምን ላደርገው ነው? የጠረጠርኩትን ይዤ ብቀመጥ ይሻለኛል አልኩ። ጥርጣሬ ቢያንስ አብሮህ ሻይ ይጠጣል።

ኅዳር ላይ የመጨረሻ ሴት ልጁን ሊድር መሆኑን ነገረኝ። ለካ የስልኩ ወሬ ይሄ ነበር፤ ማናጀሩም ዘንድ የገባው ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። ይሄን ስሰማ ሊቀለኝ ይገባ ነበር። አልቀለለኝም። ሌላ መጣብኝ፤ ሠርጉን በኔ ቦነስ ነው የሚደግሰው አልኩ። እንዲህ ነው፤ አንዱን በር ስትዘጋበት ጥርጣሬ በሌላው ይገባል።

«በጥር ነው፣ ሼኹ። ቢላህን እንግዲህ» አለኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩት።

ኢንሻአላህን ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንላት እሱ ከኔ እኩል ያውቃል። ከሙስሊም ጋር ያደገ ሰው ነው። ያልኩት የማይመጣ ሰው እንደሚለው ነበር። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

እኔ ካልሄድኩ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። የሰፈሩ ሙስሊም ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «ማን ነው ያረደው?» ይላል። «እገሌ ነው» ካልተባለ፣ በተለይ እኔ እንደቀረሁ ከተሰማ፣ ሰዉ መርቆ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሳይበላ ይነሳል። ሙሽራዋ በተድላ ሳይሆን በወሬ ትወጣለች። ልጅቷን አዝያታለሁ። ቢሆንም ልቤ አልሄድም አለ። የጻፈብኝን ሳላውቅ ቢላዬን ይዤ ደጁ አልቆምም አልኩ።

የታኅሣሥ መጨረሻ ሲደርስ ያ ፎርም ተመልሶ መጣ፤ በስድስት ወሩም ይሞላል ተባለ። መሪጌታው እስክሪብቶውን አውጥቶ «አምጣ» ሲለኝ «ግድ የለም፣ ሌላ ሰው ይሞላልኛል» አልኩት። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮት ላይ ገንዘብ የምትከፍለውን ልጅ ለመንኳት። ጥሩ ልጅ ናት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«እሺ አባባ፣ ሰዓት ማክበር። ለራስዎ ስንት ልስጥ?»

«እኔ ምኔ ይሰጠዋል፣ ልጄ። ሦስት በይው።»

ሳቀች። «እርስዎ? እኔ ስመጣ አንድ ቀን ዘግይተው አይቼዎት አላውቅም እኮ። ንቃትስ?»

«እሱንም ሦስት።»

መሳቋን ትታ አየችኝ። «አባባ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም። ቦነሱ የሚመጣው ከዚህ ነው።»

«እናንተ ታስተካክሉት የለ?»

«ማን?»

«ማናጀሩ ነዋ።»

«በሰኔ የነበረው ማናጀር ወደ ደሴ ተቀይሮ ጓዙን እየጫነ ነበር። ሁሉም ሰው ለራሱ ያለውን እንዳለ አጽድቆ ፈርሞ ሄደ። መሪጌታው አልነገረዎትም?»

ተነስታ ፋይሌን አመጣችና የሰኔውን ወረቀት ፊቴ ዘረጋችው። ቁጥር አውቃለሁ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። አንድ ቦታ ላይ ሁለት አለ።

«ሁለቱ ምኑ ላይ ነው?» አልኳት።

«ንባብና ጽሑፍ ላይ።»

«እሱ እንኳ እውነት ነው» አልኳት።

ያን ጊዜ ያ ዝናባማ ቀን እንዳለ መጣልኝ። መሪጌታው «ሰዓት ማክበር?» ሲለኝ «ሦስት በለው» ያልኩት እኔው ነኝ። «አራት ልበለው?» ሲለኝ «ተው፣ ራሱን የሚያመሰግን ሰው ደስ አይለኝም» ያልኩትም እኔው ነኝ። ረስቼው አልነበረም። እንደ መልስ ስላልቆጠርኩት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብተህ «ብላ» ስትባል መጀመሪያ «ጠግቤአለሁ» ነው የምትለው። ባለቤቱ ይምላል፣ ይቆጣል፣ ጎትቶ ያስቀምጥሃል፣ ያጎርስሃል። ሳይለምንህ የሚተውህ ባለቤት የለም። እኔም «ሦስት» ያልኩት «ጠግቤአለሁ» እንደማለት ነበር። ማናጀሩ «ኧረ እኚህ ሰውዬ አምስት ናቸው» ብሎ ያነሳዋል ብዬ። ወረቀቱ ግን አልለመነኝም። ያልኩትን ወስዶ ሄደ።

አፈርኩ። ግን ሙሉ በሙሉ አላፈርኩም። ልጅቷ «መሪጌታው አልነገረዎትም?» ያለችው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

«የሱስ ስንት ይላል?» አልኳት።

«የሰው ፋይል አላሳይም፣ አባባ። እሱን ራሱን ይጠይቁት።»

ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት ባንኩ ሲዘጋ ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀጥ ብዬ ጠየቅኩት።

«መሪጌታ፣ በሰኔው ወረቀት ለራስህ ስንት ሰጠህ?»

ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመው።

«አምስት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ማናጀሩ እየሄደ ነው፣ ያላችሁትን ነው የሚፈርመው፣ ራሳችሁን እንዳትጎዱ አለችኝ። ለሼኹም ንገረው አለችኝ።»

«ታዲያ?»

«ጠየቅኩህ እኮ። አራት ልበለው አልኩህ። ጮህክብኝ።»

«ጠየቅከኝ። ግን አልነገርከኝም።»

አንድ ባጃጅ በበሩ ፊት እየተንጣጣ አለፈ።

«አልነገርኩህም» አለ። «እውነቱን ልንገርህ? አንድ በር ላይ ያሉ ሁለት ዘበኞች ሁለቱም አምስት በአምስት ብለው ቢያስገቡ፣ ማናጀሩ ስቆብን የሁለታችንንም ነጥብ ይቆርጣል ብዬ ፈራሁ። ልጄ ያኔ ታጭታለች፣ እጄ ላይ ምንም የለም። አንተ ሦስት ስትል… ተመቸኝ። ይኸው ነው። ሌላ የለውም።»

«እንቅልፌንስ ጽፈሃል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን እንቅልፍ?»

«የከሰዓቷን።»

«ሰውዬ፣ አብደሃል? ያንን ብጽፍማ እኔስ የት ነበርኩ ሊሉኝ ነው? አጠገብህ ቆሜ እንቅልፍህን ስጠብቅ ነበር ልበላቸው?»

ሳቅ አመለጠኝ። ልስቅ አልፈለግኩም ነበር፣ ግን አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም።

«ሻዩንም የከፈልኩት ለዚሁ ነው» አለ። «ባንድ ብርጭቆ ባንድ ብርጭቆ ዕዳው የሚያልቅ መስሎኝ።»

እንግዲህ የጠረጠርኩትን ያህል አልነበረም። ባዶም ግን አልነበረም። ሰው ስትፈትሽ አንዳንዴ ጩቤ የመሰለህ ነገር ቁልፍ ሆኖ ይገኛል፣ ታሳልፈዋለህ። የሱ ግን ቁልፍም ጩቤም አይደለም፤ ትንሽ ሰንጢ ነበረች። ሰንጢ የያዘውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? በኛ ደንብ ሰንጢውን በር ላይ ትቀበለዋለህ፣ ሰውየውን ታስገባዋለህ።

«ስንት ፍየል አዘጋጀህ?» አልኩት።

«ምን?»

«ለሙስሊሙ ነዋ። ስንት ነው?»

«አንድ። አንድ ትልቅ ወጠጤ።»

«ያንን ሁሉ ሰው ጠርተህ በአንድ ወጠጤ? ልታሰድበኝ ነው? ነገ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው። ከቅዳሴ ስትወጣ አብረን እንውረድ።»

በማግሥቱ ሰንበቴ ወረድን። ገበያው ሞልቶ ነበር። ከቆላ የመጡት ፍየሎቻቸውን በገመድ አሰልፈው ቆመዋል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። እኔ ጥርስ አየሁ፣ ጎድን ዳበስኩ፣ ሻጩ «ይሄ ሰውዬ ፖሊስ ነው እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ። መሪጌታው በዚያ በሚያስቀው ኦሮምኛው ተከራክሮ ለሠርጉ አንድ ወጠጤ ጨመረ። ከዚያ ገንዘቡን እንደያዘ ወደኔ ዞረና፣

«አንዷን ደግሞ ላንተ ምረጥ። ለቤትህ» አለኝ።

«ኧረ ተው፣ ምን በወጣህ» የሚለው ነገር ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩት ነው፣ ራሱ ነው የሚመጣው። አፌን ያዝኩት። እሱም የሚጠብቀው ይሄንኑ እንደሆነ፣ እኔ እምቢ ስል ሁለቴ ሊምልና በሦስተኛው ሊተወኝ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። አየሁት። እሱም አየኝ።

አንዲት ዳማ፣ ጡቷ የሞላ፣ ልትወልድ የተቃረበች ፍየል ነበረች። ጠዋት ገበያው ስንገባ ጀምሮ አይቻታለሁ።

«ያቺን» አልኩት።

«ያቺን? ሼኹ፣ ከዚህ ሁሉ ፍየል ውዷን!»

«አዎ፣ ውዷን።»

ገንዘቡን ቆጠረ። ከዚያ ከፈለ። ሳይምል፣ ሳይለምነኝ፣ ዝም ብሎ ከፈለ። እኔም ሳላመሰግን ገመዷን ተቀበልኩት።

እሱ ወጠጤውን፣ እኔ ፍየሌን ይዘን መኪና ላይ ወጣን። ከሚሴ ስንወርድ ገመዱን ካንዱ እጁ ወዳንዱ እጁ እያዛወረ፣

«እንግዲህ ለሠርጉ፣ የዛሬ ሳምንት እሁድ?» አለኝ። ድምፁ ልመና ነበረበት።

«በማለዳ እመጣለሁ» አልኩት። «የሙስሊሙን ድስቶች ግን ራሴ ነኝ የማያቸው።»